የሙሴ ያኒ ገንዳ

መጋቢት 14 ቀን 1973፣ ሰኞ

ለመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ምስር ክክ ሠራሁ። ጨው የበዛበት መስሎኝ ነበር፣ ግን ጨርሰው በሉ። ቧንቧው ዛሬም ደረቅ። መቼ እንደጠፋ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ከገንዳው ሲቀዳ ሰነበተ። ሙሴ ያኒ ወደ ግሪክ ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው፣ መሬት ላይ የቆመ ክብ የቆርቆሮ ገንዳ፣ ውስጡ ሰማያዊ ላስቲክ። ሚስቱና ልጆቹ ሲዋኙበት እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ አያቸው ነበር። ቤቱ ተወርሶ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ከሆነ ወዲህ የሰፈር ልጆች ይንቦጫረቁበታል። እኔም ከቤቱ ጋር የተወረስኩ ይመስል እዚያው ወጥ ቤት ቀረሁ። ገንዳው አጠገብ ያለችው ሰርቪስ ክፍሌም አብራኝ አለች።

የመጨረሻዋን ባልዲ የወሰደችው ትርንጎ ናት፣ ልደታ ማርያም በር ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው ጎረቤቴ። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" አለችኝ። ደስ አለኝ። ሙሴ ቢሆን አንድ ጣሳ አያስነካም ነበር... ንፉግ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ነፋስ ሲያፏጭ አደረ። ጠዋት ብወጣ የገንዳው ግድግዳ በክፍሌ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ዙሪያውን ከላይ የሚይዘው ብረት ተጣሟል።

ዘበኛውን ኢዶሳን ያዝኩት።

"ተደግፈህበት ነው።"

"እኔ ከበር መች ተነሥቼ?"

"እንግዲያው ተኝተህበት ነው።"

ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። ግን እሱ ካልሆነ ማን ነው?

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በድሉ መጣ። እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ድሮ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ "እትዬ ሠርካዲስ፣ ዳቦ" ይለኝ ነበር። አሁን "ጓድ ሠርካዲስ" ሆኛለሁ።

ገንዳውን ዞር ዞር ብሎ አየው። ቆርቆሮው ይቆረጥና ለመጋዘን ጣሪያ ይሁን አለ። መጋዘኑስ የት ነው የሚሠራው? እዚሁ። ገንዳው ይነሣል፣ ሰርቪሱም ይፈርሳል።

"እኔስ?" አልኩት።

"የእርስዎ ጉዳይ ይታያል።"

ይታያል... ጉዳዩ ታይቶለት ቤት ያገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ከዚህ ክፍል ብወጣ የት ነው የምገባው? ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ለመንኩት። ልጆቹ በምን ይጫወታሉ አልኩት። በስንት ልመና "እስከ ግንቦት መግቢያ ከተጠገነ ይቆያል፣ አለዚያ ይቆረጣል" አለ። ግንቦት ልደታ ማለቱ ነው። ስሟን ቢጠራ ከወንበሩ የሚያወርዱት መሰለው መሰል። ገንዳው ከቆየ መጋዘኑ እዚህ ቦታ የለውም፣ ክፍሌም አይፈርስም።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ጋሽ ከሊፋ ከጌጃ ሰፈር መጣ። ባትላሜራ ነው፣ የተጋጨ መኪና በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያቃና። ገንዳ ግን ነክቶ አያውቅም። ዙሪያውን ዞረና "እትዬ፣ የዚህ መኪና ጎማው የታለ?" አለኝ።

ሥራ ሲይዝ ግን ወሬ የለም። ላስቲኩን ገልጦ በአንድ እጁ ከውጭ በእንጨት ይደግፋል፣ በሌላው ከውስጥ ቀስ እያለ ይመታል። ሲለው በመዳፉ ይዳብሰዋል። ሻይ አቀረብኩለት። "ስኳር ጨምሪበት፣ ጿሚዋ አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁ" አለ።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ቆመ። የታጠፈው የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። ጋሽ ከሊፋ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየውና "ከፋብሪካ የወጣ ነው" አለ። ኢዶሳም ታረቀኝ። ዛሬ እንቅልፍ አለኝ።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

ታጠፈ። እዚያው ቦታ ላይ።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ጋሽ ከሊፋ መጣና አየው። መዶሻዎቹን ሰብስቦ ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። ከቆርቆሮው ይልቅ የሱ ፊት አሳዘነኝ።

ሚያዝያ 18፣ ፋሲካ

ሁሉም ጠራኝ። ትርንጎ ዘንድ ሄጄ ትንሽ ቀማመስኩ። ዶሮውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። አብነት ሰፈር አንዲት ሴትዮ ጋ ለደባልነት ቦታ እንዳለ ሰምቼ ነበር፣ ለካ ትናንት ሌላ ሰው ገብቶበታል።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ይሄን ሳልረሳው ልጻፍ።

ለልጆቹ ገንፎ ከራሽኑ ዱቄት እየቀዳሁ ነበር። ጆንያው ሙሉ ሳለ ግድግዳ ሳይደገፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ሲጎድል ወገቡ ታጠፈና ተኛ። ጣሳውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሙሴ ያኒ ትዝ አለኝ... ነሐሴ ላይ፣ ማንም በማይዋኝበት ብርድ፣ ገንዳው አንድ ስንዝር ከጎደለ ቧንቧ ይከፍትለታል። ውሃ ጠፍቶ ልብስ ማጠቢያ ስለምነው "ከዚህ አይነካም" ይለኛል። ብዙ ማውራት አይወድም ነበር፣ ምክንያቱን አልነገረኝም።

ውሃው ነው ለካ ግድግዳውን የሚያቆመው። ባዶውን ነፋስ እንደፈለገ ያጥፈዋል። እኔ ደግሞ እስከ ታች አስቀድቼ እግዜር ይስጥሽ ተባልኩበት።

ነጠላዬን ደርቤ ጌጃ ሰፈር ሮጥኩ። ጋሽ ከሊፋ አንድ ፊያት ስር ተኝቷል። እግሩን እያየሁ ነገርኩት። እዚያው ከስር "እንዲያ ከሆነ የኔ ሥራ ጥፋት አልነበረበትም" አለ። ወጥቶ ፊቱን ሲጠርግ እየሳቀ ነው።

"አቃናዋለሁ" አለ። "ግን በዚያው ቀን ቢያንስ እስከ ጉልበት ካልሞላ አትጥሪኝ።"

ቧንቧው ማለዳ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። በዚያ ገንዳው መቼ ይሞላል? "ግንቦት ልደታ ና" አልኩት። የዚያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነው።

ግንቦት 1፣ ልደታ

አሁን ገና ቁጭ አልኩ።

ንፍሮው እኛ በር ላይ ተቀቀለ። ጋሽ ከሊፋ ግቢ ውስጥ ሲቀጠቅጥ ዋለ። ሲጨርስ ግድግዳውን በአንጎላሬ ብረት ደግፎ ወጣና "እንግዲህ ውሃው የታለ?" አለኝ። ሰው ሁሉ ንፍሮውን እየዘገነ ነው። ከዚያ ተነሣሁና ነገርኳቸው። ገንዳው የታጠፈው ባዶ ስላደረግነው ነው፣ ዛሬ ካልሞላ ነገ ይቆረጣል፣ እኔም ቤት የለኝም አልኩ። እንዲህ ብዬ ሰው ፊት ለምኜ አላውቅም።

ውሃ በጀሪካን በሚጠራቀምበት ጊዜ ማን ይሰጣል?

ትርንጎ ናት የተነሣችው። እቤቷ ገብታ ጀሪካኗን እየጎተተች ወጣች። "መጋቢት ላይ የጠጣሁትን ነው የምመልስ፣ ስጦታ አይደለም" አለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላው። ኢዶሳ ባልዲ በሁለት እጁ። የጋሽ ከሊፋ ሚስት ዙሃራ ከጌጃ ሰፈር ድረስ ተሸክማ።

ጓድ በድሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እናቱ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከንፍሮው ቀና ሳይሉ "በድሉ፣ ባልዲ አንሣ" አሉት። አነሣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ራሰ።

ሲመሽ ጋሽ ከሊፋ ድጋፉን አንድ በአንድ ነቀለ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። "ግለጪው" አለኝ። ቆሟል።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ልጆቹ ገቡበት። ጩኸታቸው ራስ ያዞራል። መጋዘኑ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ እንዲሠራ ተወሰነ። ጓድ በድሉ ሊነግረኝ መጥቶ፣ አጠገባችን ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ "እትዬ" አለኝ።

ጋሽ ከሊፋ ከመኪና ቀለም በተረፈው ላስቲኩ ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በላይ ያለውን ሰፈሩ ይቀዳል። ከዚያ በታች አይነካም። ጠባቂዋ እኔ ነኝ።

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

ቧንቧው ደግሞ ጠፋ። ውሃው ወርዶ መስመሩ ላይ ደርሷል። ማታ ትርንጎ ባልዲ ይዛ መጣች።

"አይሆንም" አልኳት።

"አንዲት ባልዲ ሠርካዲስ፣ አንዲት ባልዲ ምን ታጎድላለች?"

"ከመስመሩ በታች ነው። ነገርኩሽ እኮ።"

ከምጠጣው ጀሪካን ግማሹን ገለበጥኩላት። ተቀበለች፣ ፊቷ ግን አልተፈታም። ከአጥሩ ወዲያ ሆና "ንፉግ" ስትል ሰማኋት። ነገ ይበርድላታል፣ አውቃታለሁ።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ነፋስ አለ። ውጭ ውሃው ግድግዳውን ይመታል፣ ግድግዳው ዝም።

ሙሴን ስንት ዓመት ነው ንፉግ ያልኩት? ወጥ ቤት ሆኜ፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ። አማርኛ ከኔ እኩል ይችል ነበር።