ዝሆን ምረጡ ያልኩበት ወር

ግንቦት 4 ቀን 1979፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡30፣ ቢሮ።

ዛሬም ሻ/ል ሱፍ ለብሶ መጣ። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጥቁር መነጽሩን አውልቋል። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ ዓይኑን እንዲህ በቀን ብርሃን አይቼው አላውቅም። ትንንሽ፣ እንባ ያቀረሩ ዓይኖች። እጄን ጨበጠኝ፣ ሻይም አዘዘልኝ። ጠጣሁት።

አንተ ደብተር አዲስ ስለሆንክ አታውቅም። የቀድሞውን በ72 ራሴ አቃጥዬዋለሁ። ሻ/ል የምልህ ሻምበል ዘውዴ ነው፤ የአውራጃችን የደህንነት ኃላፊ። ከቅዳሜ ወዲህ የሸንጎ እጩ ሆኗል። እኔ አስተርጓሚው ነኝ። አሪ ነኝ፣ የጂንካ ልጅ። አጎቴ በበና አገር፣ ካኮ ላይ ጨው ይነግድ ስለነበር የበናንም ቋንቋ እዚያው ገበያ ላይ ለምጄዋለሁ። ይህ ሰው ሲጠይቅ እኔ እጠይቃለሁ። ሲሳደብ እሳደባለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው።

እጩዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ፣ አንድ አስተማሪና አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ለቁጥር ነው የገቡት፤ ቤታችሁ ተቀመጡ ተብለዋል። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሲባል ለየእጩው የእንስሳ ምልክት አለ። ሻ/ል አንበሳ ይሻላል ዝሆን ሲል ግማሽ ቀን ፈጀ። አንበሳ ንጉሡን ያስታውሳል ተባለ። ዝሆን ወሰደ።

አሁን ጓድ በቀለ ይለኛል። እስካለፈው ሳምንት «አንተ» ነበርኩ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ። ከምሳ በፊት።

የሕይወት ታሪኩን ተርጉም ተባልኩ። አንድ ገጽ፣ በታይፕ። «የአውራጃውን ሕዝብ ብሶት ለዓመታት በቅርብ ሲያዳምጥ የኖረ» ይላል። ሳቄ መጣ፤ በሳል አሳለፍኩት። አዳምጧል እኮ፣ ውሸት የለበትም። በየጠጅ ቤቱ ጆሮ ነበረው። በየሰው ጓዳም። ሚስቴ ማርታ በራችንን ዘግታ እንደምትጸልይ ሳይቀር ያውቃል፤ አንድ ቀን እየሳቀ ነግሮኛል።

ከእሱ ይልቅ ሰዉ ያስጠላኛል። በቢሮው በር ላለማለፍ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሣር ዞሮ ይሄድ የነበረ ነጋዴ፣ ዛሬ ጎንበስ ቀና እያለ ፎቶውን ለሱቁ ይለምናል። እኔስ ከማን እሻላለሁ? ፎቶውን ከተማው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሙጫው አሁንም ጣቴ ላይ አለ።

ግንቦት 9፣ እሑድ።

ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ። አዳራሽ የሚሉት የእኛን ጸሎት ቤት ነው። ያሸገው ሻ/ል ነበር፤ ቁልፉን ከፓስተሩ እጅ የተቀበልኩት ደግሞ እኔ። ዛሬ ልክ በአምልኮው ሰዓት፣ ድሮ ፓስተሩ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆሞ፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት እምነትን እንዴት እንደሚያከብር አስረዳ። እኔ በአሪኛ ደገምኩት። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ልማድ ሆኖባት አሜን አለች፤ ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

ማርታ በመስኮቱ በኩል፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ነበረች። አላጨበጨበችም። ቤት ስደርስ በጆግ ውኃ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። እጄን ልታስታጥበኝ መሰለኝ።

«አፍህን ታጠብ፣ የዮናስ አባት» አለችኝ።

ተናደድኩ። ግን ታጠብኩ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ። ከካኮ መልስ፣ 11 ሰዓት።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ።

መንገዱ ጭቃ። መኪናው ሁለቴ ተያዘ። ገበያው ሞልቷል። የበና ሽማግሌዎች በየበርኮታቸው፣ በዚያች በትንሿ የእንጨት መቀመጫ፣ ዛፍ ሥር ተደርድረው ጠበቁን። የቡና ገለባው ፈልቶ በቅል ቀርቧል። ሽማግሌ ሲመርቅ እሱን በአፉ ይዞ እንትፍ፣ እንትፍ ይላል። ያ ምርቃት ካልወረደለት በና ሰውን አይከተልም። ሻ/ል ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ፎቶ አንሺ ይዞ የሄደው ለዚያ ነው።

ታላቁ ሽማግሌ ግን ቅሉን አላነሳም። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ እሱን።

«ይህ ሰው ከእኛ ጊኖን ወስዷል» አለ። «ሞቶ ከሆነ ይንገረን፣ እናልቅስ። ካለም ይንገረን፣ እንጠብቅ። ከዚያ እንመርቀዋለን።»

ጊኖን በ71 ነው የወሰድነው። መሣሪያ ደብቀሃል ተብሎ። ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቡ አለ ያለ የለም፣ ሞተ ያለም የለም። እዚህ አገር ሞተ ሳይባል አይለቀስም። ካልተለቀሰ ከብቱ አይከፈልም። ልጁ ኦይታ ከብት መዝለል አይችልም፤ ካልዘለለ ደግሞ ሚስት አያገባም። እኩዮቹ ወልደዋል። እሱ አሁንም ከልጆች ጋር ይቀመጣል።

ለሻ/ል ተረጎምኩለት። ፊቱ አልተለወጠም። ፈገግታውን እንኳ አላወረደም።

«ለትምህርት አዲስ አበባ ልከነዋል በላቸው። ከምርጫው በኋላ ይመጣል።»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ሁሉም አፌን ያያሉ። ከዚያ አልኩት፣ በጥሩ ቋንቋ፣ አንድም ቃል ሳላጎድል።

ሽማግሌው ቅሉን አነሳ። እንትፍ አለ። በሱፉ ላይ አረፈ፣ በእኔም ሸሚዝ ላይ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ እጇን አፏ ላይ ጭና ቁጭ አለች። ዱካ ናት፣ የጊኖ ሚስት። በመልስ ጉዟችን ሻ/ል ሱፉን በመሐረብ እየጠረገ ዝሆኑ ምርጫውን አለፈ አለ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ።

ቢሮ አልገባሁም። ሆዴን አሞኛል ብዬ ላክሁ።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ጊኖ የሞተው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከቢሮው ጀርባ ባለችው ክፍል። ሻ/ል ለአስተርጓሚ አንድ ደንብ ነበረው፤ ስለ ጉዳዩ ያልሆነውን አትተርጉም፣ ጊዜዬን አትብላ። ጊኖ አንድ ጠመንጃ አለኝ፣ ሌላውን በከብት ለውጬዋለሁ አለ። ተረጎምኩ። ከዚያ ውኃ አለ። ውኃ ስለ ጉዳዩ አይደለም። ዝም አልኩ። የሚለምነው ሻ/ልን አልነበረም፤ እኔን ነበር፣ ቋንቋውን የማውቀውን። ደገመው። እስከ ማግስቱ ስንቴ እንዳለው አልቆጠርኩም።

እንስራው በሩ ጎን ነበር። ብቀዳለት ማንም አይከለክለኝም። ፈርቼ ተውኩት ብል ይሻለኝ ነበር። አልፈራሁም። አላሰብኩትም። ይህ ነው የሚያንገሸግሸኝ፤ ሻ/ልን ስጠላ ውዬ ማታ ስገባ የማገኘው ይህንን ነው።

የቀበርነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጫፍ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። እኔ፣ ሻ/ልና ሁለት ፖሊሶች። ፖሊሶቹ ተዛውረዋል። አሁን ከብት ይግጥበታል።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ።

ኦይታ ቢሮ መጣ። ከካኮ በእግሩ። ለሻ/ል በቅል ማር ይዞ። ሻ/ል ማሩን ተቀበለ፤ በጣቱ ቀመሰው። ከምርጫው በኋላ በለው አለኝና ወደ ስብሰባው ሄደ። ልጁን በር ድረስ ሸኘሁት።

እናቱ ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብታለች አለኝ። ስምንት ዓመት አልተቀባችም ነበር። ጎጆውም እየታደሰ ነው። የአባቱን መኝታ ቆዳ ፀሐይ ላይ አስጥተውታል።

«አይተኸዋል እንዴ?» አለኝ። «ከስቷል?»

«ትንሽ» አልኩት።

ሻ/ል እዚያ አልነበረም። በል ያለኝ ማንም የለም። ከራሴ አፍ ነው የወጣው። ልጁ ደስ ብሎት ሄደ።

ሰኔ 7፣ እሑድ።

ምርጫ። ካኮዎች ገና ሳይነጋጋ ወጥተው ተሰልፈዋል አሉ፤ ዱካ ከፊት። ጊኖን ለማስመለስ ነው ዝሆን የመረጡት። እዚህ ጂንካ ሰልፉ እስከ ገበያው ደረሰ። አስተማሪው እጩ ራሱ ዝሆን መረጥኩ ብሎ ጮክ ብሎ አወራ፣ እንዲሰማለት። እኔም ዝሆን ላይ ምልክት አደረግሁ። መጋረጃው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ የሚያየኝ አልነበረም። እጄ ግን ለምዷል።

ማርታ ባዶውን ወረቀት አጥፋ ከተተች። እንዲያ ማድረግ እንደሚቻል አላሰብኩም ነበር።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ።

አሸነፈ። ክቡር ተወካይ በሉኝ አላለም፤ ሁሉም ግን ይለዋል። ሰኞ ካኮ ሄደን እናመሰግናለን፤ ንግግሩን እንዳሳምረው አሳሰበኝ። ሳምንት ቅዳሜ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይገባል። ስለ ጊኖ ምን እንበል አልኩት። ክራቫቱን አስተካከለ።

ሰኔ 15፣ ሰኞ።

ተናገርኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፍ። ካኮ ስንደርስ ዱካ ከፊት ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ቀይ ሆኖ ያብለጨልጫል። ሻ/ልን አላየችም። የምታየው መኪናውን ነው። ሁላችንም ወርደን በሩ ከተዘጋም በኋላ ታይ ነበር።

ሻ/ል ስለ ድሉ ጀመረ። ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ የእኔ ተራ። አፌን ስከፍት የእሱ ንግግር አልነበረም። ጊኖ ሞቷል አልኩ። በተያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። ትምህርት የሚባል ነገር የለም፤ ዋሽቻችኋለሁ፣ ኦይታንም ለብቻው ዋሽቼዋለሁ። የት እንደተቀበረ ነገርኳቸው። ውኃ እንደለመነኝና እንዳልሰጠሁት ነገርኳቸው። ረዘመብኝ፤ ሻ/ል ግን አጠገቤ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ ይላል። ያሳመርኩለት መስሎታል።

የካኮው ቀበሌ ሊቀ መንበር ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ ጫማ ጫማውን እያየ አቀረቀረ። ከዚያ ዱካ ተነሳች። አመድ አልፈለገችም፤ ከመሬት ጭቃውን በሁለት እጇ ዘግና ያንን ቀይ ፀጉር ደፈነችው። ለቅሶው ተነሣ። ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ። ስምንት ዓመት የተጠራቀመ። ታላቁ ሽማግሌ ወደ እኔ መጣ፤ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም። ቅዳሜ መጥተን እንወስደዋለን፣ አንተ ታሳየናለህ አለኝ። እሺ አልኩት።

መኪና ውስጥ ሻ/ል ምን ሆነው ነው አለኝ። የቆየ ለቅሶ ነበረባቸው አልኩት። ስሜታዊ ሕዝብ ነው አለና አንቀላፋ።

ሰኔ 19፣ ዓርብ። 9 ሰዓት።

የካኮው ሊቀ መንበር ዛሬ ለሻ/ል ነገረው። አስጠራኝ። ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ያ የድሮው ሻ/ል ቢሆን ይጮህ ነበር። አዲሱ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የነገውን አውሮፕላን የሚጠብቁ እንግዶች አሉ አለ፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ። ካኮዎች ሜዳው ላይ እንዳይታዩ። ሰኞ ይምጡ በላቸው። ሌላውን ከአዲስ አበባ ስመለስ ሁለታችን እንጨዋወታለን፣ ጓድ በቀለ።

ያ ፈገግታ። ጥፊው ይሻለኝ ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት እንዴት ይቀለኛል መሰለህ።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1፡30።

መልእክቱን አላደረስኩም። ከእንግዲህ ለዚህ ሰው አልተረጉምም። ይኸው ተጻፈ።

ማርታን ዮናስን ይዘሽ እናትሽ ዘንድ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። ልጁን ላከችና እሷ ቀረች። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን አውጥታለች፤ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ አልለበሰችውም ነበር።

ሜዳው ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል። የትምህርት ቤት ልጆች አበባ ይዘው ሁለት ረድፍ ሠርተዋል። ወደ ባሕር ዛፎቹ የሚወስደው መንገድ ሣሩን አቋርጦ በመሃላቸው ያልፋል፤ በሌላ በኩል መዞር ይቻላል፣ እኔ ግን አልዞርም። አውሮፕላኑ ገና አልተሰማም።

ኦይታና እናቱ በር ላይ ናቸው። ከኋላቸው የካኮ ሰው። ዶማውን ከጓዳ አወጣሁ። ኦይታ ልቀበልህ ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔ ልያዘው አልኩት።