ለሟች የተቀጠለ አፍንጫ

ዳሶም ልጄ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ላስቀድም፤ አባትሽን የወደድኩት ሲስቅ ጠፍጣፋ አፍንጫው አብሮት ስለሚስቅ ነው። ባለሽበት በሃምቡርግ ጤና ይክበብሽ፤ ውስጡ የተተከለው ሲሊኮን ያሳበጠው አፍንጫሽም ይሻርልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የዘንድሮው የጎመን ኪምቺዬ ብቻ ጨው በዛበት።

ትናንት የአባትሽ ሙት ዓመት ነበር። እንደ ወጋችን ማዕዱን ፎቶግራፉ ፊት ዘርግቼ ልሰግድለት ስል፣ ፎቶው ላይ የማላውቀው ሰው አፍንጫ ተገትሯል። ለካ አክስትሽ ኦክሱን ፎቶ ቤት ወስዳ አስተካክላዋለች!

«እትዬ፣ ይሄ ማነው?» አልኳት።

«ወንድሜ ነዋ! የዳሶም እጮኛ ወላጆች ሲመጡ የልጅቷ አፍንጫ ከየት መጣ እንዳይሉ ብዬ ነው። ደግሞ ያ ሲሊኮን ከወጣ ከፍ ያለ ይገባላታል፤ ሴኡል ቀጠሮ ይዤላታለሁ።»

«የሞተ ሰው አፍንጫ ይቀጠላል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ሁለት መጽሐፍ ገለጥኩ ብለሽ ልትፈላሰፊብኝ?» ብላ ሳቀች። የራሷም አፍንጫ እኮ የተሠራ ነው!

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናሽን ስትጨርሺ «ስጦታዬ ነው» ብላ አፍንጫሽን ልታሠራልሽ ሐኪም ቤት ስትወስድሽ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ግን በቃኝ! የድሮውን ፎቶ ፈልጌ ቦታው መልሼዋለሁ። ሐኪምሽ ሲሊኮኑን ሲያወጣው ሌላ አታስገቢ፤ እባክሽ የአባትሽን ፊት ይዘሽ ነይልኝ። እጮኛሽ በዚህ ከሸሸ ይሽሽ። ዕድሜና የሚወድሽ ሰው ይስጥሽ።

ይህ ደብዳቤ ለአንቺ ነው፤ ግልባጩን ነገ ራሴ ወስጄ ለእትዬ ኦክሱን በእጇ እሰጣታለሁ።