የከማል የቅዳሜ ፈረንሳይኛ

ከማሌ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን አላህ ያውቃል፣ ደግ እንደሚሆንልህም አልጠራጠርም። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ተናድጃለሁ። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ እያለቀሰ ነው ይባላል። እኔ ይህን የምጽፍልህ ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ፊደሌ ቢወላገድ እንዳትስቅብኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም ሜልበርን፣ ብሬብሩክ ሰፈር እዚያው ነን። የአከራያችን ኤጀንት የኩሽናውን መስኮት በስንት ውትወታ አስቀየረልን። እኔ በአረጋውያን ቤት የማታውን ሺፍት ትቼ የጠዋቱን ይዣለሁ። ሂክማ አሥራ ስድስት ሞላት፤ በቁመት በልጣኛለች። ያንን ሰማያዊ የቴሌቪዥን ኮትህን እጅጌውን አጥፋ ትለብሰዋለች። አሁንም በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። «ምሳሽን ብዪ» ስላት «ኢን ኤ ሚኒት ማም» ትላለች፣ ያቺ ደቂቃዋም እንደምታውቃት ናት። የሞትክ ሰሞን ግን አማርኛ ብቻ ትናገር ነበር። እሱም አስፈራኝ፤ ወደ እንግሊዝኛዋ ስትመለስ አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ለተዕዚያ፣ ሊያጽናናን በመጣ ሰው ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ስለ ደግነትህ፣ ስለ ሶላትህ፣ ስለ ጨዋታህ ተናገረ። ስለ ሥራህ ግን ማንም ምንም አላለም። አንዱማ «እንግዲህ ዶሮ ፋብሪካ ሲለፋ ኖሮ…» ብሎ አንገቱን ደፋ። ንዴቴ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ዶሮ ፋብሪካ መሥራት ነውር የለበትም፤ አንተም ደብቀኸው አታውቅም። ግን ከማሌ፣ አንተ የቴሌቪዥን ሰው ነበርክ። ይህን የማይል ሰው አንተን አላወቀህም።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅህን ነው። ጅቡቲ፣ ተቀጥሬ በምሠራበት ቤት ሳሎን እየወለወልኩ ነበር። ከደሴ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። እመቤቲቱ ቴሌቪዥኑን ከፍታ አንድ ሰው በፈረንሳይኛ ኳስ ያስተላልፋል። አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ነገር ግን ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ ድምፁ ሲፈጥን የእኔም እጅ አብሮ ይፈጥናል። ፈረንጅ ነው ብዬ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሀበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ቆሜ፣ ከኋላዬ ያው ድምፅ በአማርኛ፣ ያውም በድሬዳዋ አማርኛ፣ «እናቴ፣ ሻይ ቅጠል የለም?» ሲል ሰማሁ። ዞሬ አፈጠጥኩብህ።

«ምነው እህት፣ ሰው መሰልኩሽ?» አልከኝ።

«ፈረንጁ አንተ ነህ እንዴ?» አልኩህ።

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ። አንተ ግን አልሳቅክም። አባትህ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠሩ እንደነበር፣ አማርኛ ማንበብ ከመቻልህ በፊት ፈረንሳይኛ እንዳስተማሩህ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያ በማንበብ እንደጀመርክ፣ አንድ ቀን አስተላላፊው ታሞ ሲቀር ማይኩን ለአንተ እንደሰጡህና ከዚያ ወዲህ መልሰው እንዳልወሰዱብህ፣ እስከ ቤቴ በር ድረስ እያወራህ ሸኘኸኝ። ከተጋባን በኋላ ከአንተ ጋር ገበያ መሄድ አይቻልም ነበር። ታክሲ ነጂው አቁሞ ያለፈውን ጨዋታ ያከራክርሃል። እኔንም «የኳሱ ሰውዬ ሚስት» ይሉኝ ነበር፤ አልጠላሁትም።

ወንድሜ ጠርቶን ሜልበርን ስንመጣ ያ ሁሉ ቀረ። ሥራ የምታገናኘው ሴትዮ «የቴሌቪዥን አቅራቢና የስፖርት አስተላላፊ» ብለህ የጻፍከውን አይታ፣ በስክሪፕቶ አንድ መስመር አሰመረችበትና «ጀነራል ሌበር»፣ የጉልበት ሠራተኛ ብላ ከላዩ ጻፈች። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። አመስግነሃት ወጣን። ውጭ ስንደርስ ግን «መዲና፣ እሷ ወረቀቱን ነው የሰረዘችው፣ እኔን አይደለም» አልከኝ። ያኔ ራስህን የምታጽናና መስሎኝ ነበር። ለካ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ዶሮ ፋብሪካ ገባህ። ዶሮዎቹ በሰንሰለት ተንጠልጥለው ሲያልፉ በሹክሹክታ ታስተላልፋቸው እንደነበር የነገሩኝ ያ ቬትናማዊ ሽማግሌ ባልደረባህ ናቸው። እሳቸው በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረው ኖሮ፣ በሳቅ ቢላዋቸውን እስኪጥሉ ድረስ ያዳምጡህ ነበር። ከአንድ ምንጣፍ መደብር በላይ ያለችውን ትንሽ የሰፈር ቴሌቪዥን ጣቢያ ያሳዩህም እሳቸው ናቸው። «ለየቋንቋው ግማሽ ሰዓት ይሰጣሉ፤ ለፈረንሳይኛ የጠየቀ የለም» አሉህ። ሄደህ ጠየቅክ፣ ሰጡህ። ደመወዝ የለውም፤ አንተ ግን የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ከመድረሷ በፊት ሦስት ቀን ምግብ አልበላህም።

ማን ይመለከተዋል ብዬ ነበር፤ አፉ በለኝ። ከሞሪሸስ የመጡ፣ ከኮንጎ የመጡ፣ ሊባኖሶች፣ የጅቡቲ ልጆች ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት አንተን መጠበቅ ጀመሩ። ዜና ታነባለህ፣ እንግዳ ታቀርባለህ፣ በመጨረሻ የሳምንቱን ኳስ ትተነትናለህ። ሜድስቶን ገበያ ማዕከል ውስጥ ሰው እያስቆመህ እጅህን ሲጨብጥ፣ ሂክማ በአምስት ዓመቷ «አባ፣ ዋይ ዱ ዘይ ኖው ዩ?» ብላ ለምን እንደሚያውቁህ ጠየቀችህ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ስለምገባ» አልካት።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ የጠራህን ቀን አልረሳም። አንድ ፈረንሳዊ ተመልካች ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ የአፍሪካ ፈረንሳይኛ ለጆሮ አይመችም ብሎ። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና፣ እንደነገርከኝ እያፈረም፣ «አንተ ከካሜራ ጀርባ ሁን፤ ፊት ለፊት አንድ ፈረንሳዊ ተማሪ እናስቀምጥ» አለህ። አንተም «ፕሮግራሙ እኔ ነኝ፤ ወይ እኔ እቀመጣለሁ ወይ ወንበሩ ባዶውን ይሁን» ብለህ ወጣህ። የማኅበረሰባችን ሽማግሌ ጋሼ ሁሴን ቤት ድረስ መጥተው «አንተ ልጅ፣ በሰው አገር አንገትህን ዝቅ አድርግ» ብለው መከሩህ። አክብረህ አዳመጥካቸውና «ጋሼ፣ እኔ አንገቴን ዝቅ ባደርግ ካሜራው አናቴን ነው የሚያሳየው» አልካቸው። ሳይወዱ ሳቁ።

ሦስት ቅዳሜ ወንበሩ ባዶ ሆነ። በአራተኛው የጣቢያዋ ስልክ ከመጮህ ብዛት ጸሐፊዋ ነቅላው ነበር አሉ። መልሰው ጠሩህ። ደብዳቤ የጻፈውን ሰውዬ እንግዳ አድርገህ ጋብዘኸው፣ መጥቶ አብራችሁ ስለ ብስክሌት ውድድር ስታወሩ ግማሽ ሰዓቱ አልበቃችሁም። ይህን ነው እኔ የምኮራበት።

ልብህ ሐሙስ ቀን ቆመች፤ ዓርብ ቀበርንህ። አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ ከጣቢያው ስልክ ተደወለልኝ። መደርደሪያው ስለሞላ የአንተ ካሴቶች ላይ ሌላ ፕሮግራም ሊቀዳባቸው ነው፤ «እንድታውቂው ብለን ነው» አለችኝ ጸሐፊዋ። እኔ ሳላውቅ ቢያደርጉት ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ደግነቱ ነገረችኝ።

ጋሼ ሁሴንን አማከርኳቸው። «መዲና ልጄ፣ ለሞተ ሰው ዱዓ ነው እንጂ ካሴት ምን ይጠቅመዋል? ተይው» አሉኝ። «ዱዓውንም አደርጋለሁ፣ ካሴቱንም አመጣለሁ» አልኳቸው። እሳቸውን እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። በነጋታው ሂክማን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ፣ ያንን ባለጎማ የገበያ ቦርሳዬን እየጎተትኩ በባስ ሄድን።

ሥራ አስኪያጁ «ካሴቶቹ የጣቢያው ንብረት ናቸው፣ ፖሊሲ ነው» አለ። ሂክማ ተረጎመችልኝ፤ ተረጎመችልኝ ስልህ እኔም ገብቶኛል፣ ጊዜ ለማግኘት ነው። «ፖሊሲውን በጽሑፍ አሳየኝ በይው» አልኳት። ወረቀት ፍለጋ ገባ። እኔ ካሴቶቹ ካሉበት መደርደሪያ ሥር ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። የቀትር ሶላቴን እዚያው ሰገድኩ። ሂክማ በሞባይሏ ለማዳም ኦዴት ደወለች፤ ታውቃታለህ፣ ያቺ ሜድስቶን የምትኖረው የሞሪሸስ ባልቴት፣ በየቅዳሜው ደውላ ሰዋስውህን የምታርምህ። ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ማዳም ኦዴት በምርኩዟ ደረጃውን ወጣች፤ ከኋላዋ አሥራ አንድ ሰው። ቬትናማዊው ሽማግሌም ነበሩ፣ ያ ደብዳቤ የጻፈብህ ፈረንሳዊም ነበረ። እሱ ነው ሥራ አስኪያጁን ወደ ጎን ወስዶ ያናገረው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ተመልሶ «ውሰዷቸው» አለን።

እያንዳንዱ የብዙ ቅዳሜ የያዘ ስልሳ ሁለት ካሴት ይዘን ተመለስን። ሁሉንም ግን አይደለም። የመጀመሪያው ዓመትህ ቀድሞ ተደምስሶ ነበር፤ ከዚያ ዓመት አንዲትም የለም። ይህን ሲነግሩኝ የጮህኩትን ጩኸት ስትቀበር እንኳ አልጮህኩም። ይህን ይቅር አላልኩም፤ ይቅር እንድል የምትመክረኝ ሁሉ የራሷ ባል ይደምሰስባት።

ከዚያ ወዲህ ማዳም ኦዴት እሑድ እሑድ እየመጣች አብረን እናያቸዋለን። እሷ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ ሂክማ ቀሪውን ታሟላለች። አንድ ቀን ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ማዳም ኦዴት እንባዋን ስትጠርግ አየሁ። «ምነው?» አልኳት። ሁልጊዜ በፕሮግራምህ መጨረሻ የምትላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ እኔ ደህና ሰንብቱ ማለትህ ይመስለኝ ነበር። «አታውቂያትም?» አለችኝ ገርሟት። «ከምናገረው አንዱም ሳይገባት እስከ መጨረሻው ለምታየኝ ሴት፣ አመሰግናለሁ ነው የሚለው። እኛ ሁላችን ማን እንደሆነች እናውቅ ነበር።»

ቆይ ከማሌ፣ ከተማው ሁሉ ሲያውቅ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ፊት ለፊቴ እያመሰገንከኝ፣ እኔ «አለቀ እንግዲህ» ብዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋብህ ነበር። ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ የሚሰጠውን የፈረንሳይኛ ክላስ ተመዘገብኩ። ከሁሉም ትልቋ እኔ ነኝ፣ ባለ ሻሽም እኔ ብቻ ነኝ። አስተማሪዬ «አር» የምትለዋን ከጉሮሮሽ አውጪያት ይለኛል። ከጉሮሮዬ ብዙ የሚወጣ ነገር አለ፤ እሷ አትከብደኝም።

አንተ ታስተላልፈው የነበረው የሴንት አልባንስ ሰፈር የኳስ ውድድር ደግሞ ዘንድሮም ተካሄደ። አስተላላፊ የለም። ኮሚቴው ዘፈን እንክፈት ሲል ሂክማ ኮትህን ለብሳ ሄዳ ማይኩን ያዘች። ሳታስፈቅደኝ ነው። ጋሼ ሁሴን ወደ እኔ ዞረው «ሂጃብ የለበሰች ልጅ በወንዶች ኳስ ላይ ትጮህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ነውሩ የቱ ጋ ነው? ኳሱ ላይ ነው ድምፁ ላይ?» አልኳቸው። ልጅህ በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ተሰናከለች። ሰው ሊስቅ ነው ብዬ ሞትኩ። ከዚያ ከካሴቶችህ በለቀመችው ፈረንሳይኛ ቀጠለች፣ ከዚያም በአማርኛ፣ በዚያ ለእኔ በማትመልስበት አማርኛ! ግብ ሲቆጠር ሜዳው በሙሉ ወደ ማይኩ ነው የዞረው። ጋሼ ሁሴን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ፤ ሲሄዱም «የአባቷ ልጅ ናት» ብለው አለፉ። የሰውዬው ይቅርታ መጠየቂያ ይኸው ነው፣ ተቀበልኩት።

አሁን የቀረን ግማሽ ሰዓቱ ነው። ማዳም ኦዴት፣ ሂክማና እኔ ጣቢያው እንዲመልስልን ቅጽ ሞልተን አስገባን። «የፕሮግራሙ ስም» በሚለው ቦታ «ከማል» ብዬ ጻፍኩ። መለሱልን፤ በሞተ ሰው ስም ተመልካች አይመጣም፣ ሌላ ስም ምረጡ አሉ። ሁለተኛ ቅጽ ወሰድኩ፣ «ከማል» ብዬ ጻፍኩ፣ መለሱት። ሂክማ እንኳ «ማም፣ ጀስት ቼንጅ ኢት፣ ዋናው ፕሮግራሙ ነው» አለችኝ። እንደማልቀይረው ስነግራት ኩሽና ገብታ በሩን ወርውራ ዘጋችብኝ፤ ቆይታ ወጣችና ስክሪፕቶ አቀበለችኝ።

አልረሳህም ማለት ለእኔ አንድ ቦታ ተቀምጦ መተከዝ አይደለም። ስምህን የሚሰርዝ እጅ ባለበት ሁሉ እኔ ደግሜ እጽፈዋለሁ ማለት ነው። ሦስተኛውን ቅጽ ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት በእጄ ሰጥቼ መጣሁ። በትልልቁ ነው የጻፍኩት፣ ከመስመሩ ወጥቷል። ከመለሱት አራተኛውን ባዶ ቅጽ ከአሁኑ ተቀብያቸዋለሁ።

መዲና