የክላውዱ ኪራይ

ደብረ ታቦር
ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ ለካሳሁን፣
ጁባ

እንደምን ከርመሃል? የጁባ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔም፣ ሰላማዊትም፣ እናትህም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ሌላ ሰው መስላለች። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ጨርቅ ነጋዴው ሰዒድ ነው። ለንግድ ጁባ ሊሄድ ነው ሲሉኝ ሮጬ ሱቁ ሄድኩና «በእጁ ካልሰጠኸው እንዳትመለስ» አልኩት። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክማ ወሬው ወደ ቁም ነገር ሲጠጋ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ቁም ነገሩ የክላውዱ ኪራይ ነው። መቼም አትረሳውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቢሯችንን ኮምፒውተር አቃጥሎ የስንቱን ደንበኛ ፕላንና የቦታ ልኬት ይዞብን ሄደ። ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ሰነዳችን የሚቀመጠው ክላውድ ላይ ነው» ብለህ የኢንተርኔቱን መጋዘን የተከራየኸው አንተ ነህ። ደግ አደረግህ፤ እሱን አልክድም። ግን መጋዘኑ በሞላ ቁጥር ሰፋ ያለውን፣ ቀጥሎም የባሰ ሰፊውን እየተከራየን ሄድን። ኪራዩ ደግሞ በዶላር ነው፤ ዶላር ከደብረ ታቦር ገበያ አይገዛ ነገር። ጁባ የመንገድ ቀያሽነት ሥራ ስታገኝ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለህ ሄድክ። ሁለቱ ዓመት ባለፈው ጥምቀት አለቀ። ለምን አትመጣም ስልህ «እኔ ከመጣሁ ዶላሩን ማን ይከፍላል? ቢሮው ሊዘጋ ነው እኮ» አልከኝ። ኪራዩ የሚታደሰው ነሐሴ ላይ ነው፤ የአንተም ኮንትራት የሚታደሰው በዚያው ሰሞን። እኔም ተናደድኩና፣ ባሌን ከእኔ የለየው ይህ መጋዘን ከሆነ ገብቼ ጉዱን ልየው አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምረውን ነጅሚያን ታውቃታለህ፤ የቤቷን ፕላን የሠራህላት አንተ ነህ። እሷን ለመንኳት። መጥታ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠችና መጋዘኑን ከፈተችው። ትንሽ አየት አየት አድርጋ፦

«ፈንትዬ፣ የናንተ ቢሮ ነው ወይስ የአገሩ ሁሉ መዝገብ ቤት?» ብላ ሳቀች። «የእኒህ የእብናቱ አቶ ሙላቴ የቦታ ልኬት ብቻውን አምስት ጊዜ አለ።»

ጸሐፊያችንን ማሬን ጠራኋት። ስካነሩን ከያዘች ወዲህ እሷም እንደ አንተ ቀልድ አታውቅም፤ ጣቷን እያጠፈች አስረዳችን።

«አንዱ ገና ሳይፈረም ነው። አንዱ ከተፈረመ በኋላ። አንዱ የእኛ ማህተም ሲያርፍበት። አንዱ ማዘጋጃ ቤት ሲያጸድቀው። ይኸኛው ደግሞ ‹ከዋናው ጋር ተገናዝቧል› የሚል ማህተም ያለበት ኮፒው ነው።»

«ኮፒውንም ስካን አደረግሽው?»

«ማህተም አለበት እኮ! ማህተም ያለበትን ወረቀት እንዴት እጥላለሁ?»

ሁሉም ደግሞ በቀለም፣ ስካነሩ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት ነው የተነሳው። ነጅሚያ ለምን ስትላት፣ ጋሽ ካሳሁን ነው ያዘዘኝ አለች፤ ማህተሙ ሐምራዊ ሆኖ ካልታየ ሰው ፎርጅድ ነው ይላል ብለሃታል። ነጅሚያም «መጋዘኑ አልጠበባችሁም። አንዱን ሰው አምስት ልብስ እያለበሳችሁ አምስት ሰው ነው እያላችሁ ነው» አለችን። የአንድ ቤት መሠረት ጉድጓድን ብቻ ስንትና ስንት ፎቶ አንስቶ ሳይመርጥ መጋዘኑ ላይ የጫነውን ሰው ስም ግን አልነገርኳትም። እሱን እንኳ በማሬ ማሳበብ አንችልም፣ አይደል?

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ከእያንዳንዱ ሰነድ ፊርማውም ማህተሙም የተሟላውን የመጨረሻውን አስቀርተን ሌላውን አጠፋን። ስካነሩን መካከለኛ ጥራት ላይ አደረግነው፤ ማሬ አንድ ወረቀት አስገብታ ማህተሙ ሐምራዊ መሆኑን በዓይኗ እስክታይ ድረስ አላመነችም። ሥራ በለቀቁ ልጆች ስም ተከፍቶ ዝም ብለን ስንከፍልበት የኖርነውንም አካውንት ዘጋነው። ያለቁትን የድሮ ሥራዎች ደግሞ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥናቸው። ሁለት ያደረግነው ያ ቃጠሎ ቢደገም ባዶ እጃችንን እንዳንቀር ነው። አንዱ ቢሮ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሌላውን ይፋግ ይዤ ወረድኩ፣ እናትህ ዘንድ።

እማማ ዲስኩን አገላብጠው አይተው «ምንድር ነው ይኸ?» አሉኝ።

«የካሳሁን የስንት ዓመት ድካም ነው እማማ። ውሃና አቧራ እንዳይነካው አደራ» አልኳቸው።

ተቀብለው ሳሙት። ከዚያ በነጠላ ጠቅልለው የክት ቀሚሳቸውን ከሚያኖሩበት ሳጥን ውስጥ ከተቱትና «ድካሙስ ይኸው ገባልኝ፤ ራሱስ መቸ ነው የሚገባው፣ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ለቡሄ ይመጣል አልኳቸው። ዋሽቼ እንደሆነ እውነት የምታደርግልኝ አንተ ነህ።

ሥራው ሁሉ በሳቅ አልቋል እንዳይመስልህ። ስናጠፋ ሰንብተን አንድ ቀን ራሳቸው አቶ ሙላቴ ከእብናት ከተፍ አሉ። ጎረቤታቸው ወሰን ገፍቶ ሊያጥርባቸው ነው፤ በማግስቱ ሽማግሌ ፊት የሚያቀርቡትን የቦታ ልኬት ፈልገው ነው የመጡት። «የኔ እመቤት፣ ያ ወረቀት ከሌለ እኔም የለሁ» ሲሉኝ ዞሬ ማሬን አየኋት። ካጠፋነው ውስጥ ቢሆንስ? አንተ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመህ የለካኸውን የሰው መሬት እኔ ቁጭ ብዬ ባጠፋውስ? ማሬ ስማቸውን ጻፈች። አንድ ሰነድ ብቻ መጣ፤ ፊርማውም፣ ማህተሙም፣ ልኬቱም ቁልጭ ብሎ። ድሮ ቢሆን ከአምስቱ የቱ ነው ስንል የእብናቱ መኪና ያመልጣቸው ነበር። አትመን ሰጠናቸው፤ ቆመው መረቁን። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሬ ማጥፋቱን ወዳው እኔው ነኝ ቆይ የምላት።

አሁን ክላውዱ ላይ የቀረው በእጃችን ያለው ሥራ ብቻ ነው። እሱም ኩባንያው ለማንም ሰው በነጻ ከሚሰጠው ቦታ ውስጥ ተጠቃሎ ገባ። በነጻ፣ ካሳሁን! ነጅሚያ ደጋግማ አይታ አረጋገጠችልኝ። ነሐሴ ላይ የሚታደስ ኪራይ የለም። የባንክ ካርድህንም ከአካውንቱ አውጥቼዋለሁ። ሥራ እንደሆነ ሞልቷል፤ የጠፋው ፈራሚ ነው። ፕላኑን ሁሉ ባህር ዳር እየወሰድኩ ፈቃድ ያለው ሰው በክፍያ ነው የሚፈርምልኝ። ያንተ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

አንድ ነገር ቀረ። ማህተም በማህተም ከሆነው ከዚያ ሁሉ ሰነድ ውስጥ ማህተም የሌለው አንድ ብቻ አገኘን። የእኛው ቤት ፕላን ነው። ሰላማዊትን አርግዤ ሳለሁ የሳልከው፤ በረንዳው ወደ ጉና የሚያየው። የሰውን ሁሉ ቤት ፈርመህ ስታስረክብ የኛን ሳትፈርም ሄድክ። ማሬ «ይኸስ ይጥፋ? ማህተም የለውም» ስትለኝ እጇን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ ወጥቼ ደጅ ላይ ትንሽ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም።

እውነቱን ልንገርህ። ዶላሩ ሰበብ ይሁን የምር ምክንያት አላውቅም። አንዳንዴ ብቻውን መኖር ለምዶ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ሰበብ ቢሆንም አልጣላህም፤ ግን አሁን እሱም የለም። ሌላ ምክንያት ካለህ በሰዒድ እጅ ጻፍልኝ፤ እችለዋለሁ። ከሌለህ ግን የጁባውን ኮንትራት አትፈርም። ናፍቀኸኛል። ልጅህም «አባባ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው» እያለች ለጎረቤት ልጆች ስታወራ ሰምቻታለሁ።

የቤታችንን ፕላን አትሜ ጠረጴዛህ ላይ ዘርግቼዋለሁ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ማሬንም ከወዲሁ አስጠንቅቄያታለሁ፤ አንተ ስትፈርመው ስካን የምታደርገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የደብረ ታቦር ኢየሱስ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ የመምጫ መንገድህንም ያቅናልህ።

ያንተው ፈንታነሽ