የውሃ ልኩ አረፋ

ለምወድሽ እታለም፣ ሰላምታዬ ከደጅሽ ሳይቆም ዘልቆ ይግባ። እኛ ደህና ነን። እንጨት ተወደደ እንጂ የአናጢነት ሥራዬም አልጠፋም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ሰሞኑን የመጻሕፍት መደርደሪያ እየሠራሁ፣ መቃናቱን ለማየት ውሃ ልኩን ቋሚው ላይ ባስጠጋው አረፋው አልረጋ አለኝ። መደርደሪያውን ጠርጥሬ ፈትቼ ገጠምኩት። ወለሉን ጠርጥሬ ቦታ ቀየርኩ። ውሃ ልኩን ራሱን ጠርጥሬ አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ያው ሆነ። ባለቤቴ "አንተ ሰው፣ ሁሉን ከጠረጠርክ በምን ልትለካ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። አባባ ግን "ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር፤ ጠርጥረህ ጠርጥረህ የቀረህ እሱ እውነት ነው" ይለን አልነበር?

ትናንት ልጄ ውሃ ልኩን ተቀብላኝ ያዘችው። አረፋው መሃል ላይ ቀጥ አለ። እንግዲህ መደርደሪያውም ልክ ነው፣ ወለሉም ልክ ነው፣ ውሃ ልኩም ልክ ነው።

እታለም፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ አባባ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር?

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም ብለሽ ደግሞ እንዳትጠራጠሪ፤ እየነገርኳት የጻፈችው ልጄ ናት።

ወንድምሽ