ሁለተኛዋ ካፊያ

ውድ የካፊያ አባት፣

በዚህ መጠሪያ የጀመርኩት አንተን ደስ ለማሰኘት አይደለም። «ውድ» የሚለውን ቃል ከስምህ ጎን ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ከእሷ ስም ጎን ግን አልከበደውም።

ማክሰኞ ጠዋት «ቁጥር አርባ አንድ» ብዬ የተጣራሁት እኔ ነበርኩ። ባለቤትህ ሕፃኗን አቅፋ፣ አንተ የዳይፐሩን ቦርሳ ተሸክመህ መጣችሁ። የመስኮቴ መስታወት ቀዳዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ባለጉዳይ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። አንተም ጎንበስ አልክ፤ አየኸኝ።

«እንደምን አደሩ?» አልከኝ።

አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስትለኝ ኖረህ በአንድ ጠዋት አንቱ አደረግኸኝ። እኔም «ደህና፤ ይቀመጡ» አልኩህ። ባለቤትህ ምንም አልጠረጠረችም። እኔም ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምልህ ለመጀነን አይደለም፤ የምሬን ነው። ስቴፕለሩ ሽቦ መጨረሱን አየሁ፤ ሞላሁት።

«የሕፃኗ ስም?»

ባለቤትህ ቀደመችህ። «ካፊያ!» አለች። «እስቲ አሁን እንዲህ ያለ ስም ሰምተሽ ታውቂያለሽ እህቴ? አማቴማ ‹ምነው ታዲያ ዶፍ አላላችኋትም› እያለች መሳቂያ አድርጋናለች።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የብርቅ ስም ቅጽ የሚባለውን ግን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነው። በአገሩ ሁሉ ከአሥር ሰው በታች የያዘው ስም ሲመጣ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ አያሳልፍም። ትርጉሙን፣ ምንጩንና እስካሁን ስንት ሰው እንደተጠራበት የያዘ ቅጽ ይከፍታል። ይህ ቅጽ በልደት ምስክር ወረቀቱ ጀርባ ይታተማል። ወደ ባለጉዳዩ የዞረ ሌላ ስክሪንም አለ፤ የምጽፈውን ሁሉ ታያላችሁ።

«ትርጉሙ?» አልኩህ።

«በረከት… በረከት ማለት ነው።»

«ኧረ በለው!» አለች ባለቤትህ። «ካፊያ ካፊያ ነዋ! ዝናብ ነው በላት እንጂ!»

«ምንጩስ?»

«የአያቴ ስም ነበር» አልክ።

ዞር ብላ አየችህ። «የየትኛዋ አያትህ? ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ራሴ ያወጣሁት ነው እያልክ አይደል እንዴ ሰፈሩን ያዳረስከው?»

«ያው… ከአያቴ ነገር ተነስቼ…»

«አይ የኔ ባል! ውሸት እንኳ አይሆንለትም» ብላ ወደ እኔ ሳቀች።

ይሆንለታል አላልኳትም።

ከዚያ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። «እስካሁን የተመዘገቡ፦ አንድ» ይላል።

«እንዴ! ሌላም አለች?»

«አለች።»

«ውይ! ስንት ዓመቷ ነው?»

«ትንሽ ናት» አልኳት።

«እንግዲህ አንድ ቀን ያገናኛቸዋል» አለች፣ የልጇን ካልሲ እያስተካከለች። አንተ የማኅተሙን ቀለም ታይ ነበር። ቀና አላልክም። ማን ናት ብለህ አልጠየቅክም፤ ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

አንተ «ሥራ አገኘሁ፣ ደርሼ እደውላለሁ» ብለህ ስትሄድ ሆዴ ውስጥ አምስት ወሯ ነበር። ስልክህን ቀየርክ። እኔ አልቀየርኩም። በሰባተኛው ወር ተወለደች። ሁለት እጄን አንድ ላይ ባደርግ ትሞላው ነበር እንጂ አትተርፍም ነበር። አራት ቀን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆየች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ገና ሳትነግረኝ አወቅሁ፤ ሣጥኑ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበት ነበር።

እናቴ ስሙን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። «ልጄ፣ ለሰው ቶሎ በሚያባራ ነገር ስም አይወጣም» ብላኝ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። ዝምታዋን አልረሳላትም። ስሙ ምንም አላደረገም፤ ሳንባዋ ነው ያልደረሰው። ይህን ሐኪሙ ነግሮኛል፣ እኔም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ማንም መጥቶ ሌላ ነገር እንዲነግረኝ አልፈልግም።

በሳምንቱ ሥራ ገባሁና ራሴ መዘገብኳት። መጀመሪያ ልደቷን፣ ቀጥሎ ሞቷን። አለቃችንን ታስታውሰዋለህ፣ ማኅተሙን በገመድ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን፣ «ማኅተሜ» የምንለውን። አባት የሚለው ቦታ ባዶ የሆነ ወረቀት ቢሞት አያትምም። ያን ቀን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አተመ። ስሟ በመዝገቡ ላይ «ካፊያ» ብቻ ነው። ከጎኗ የአባት ስም የለም፤ አንዲት ጭረት አለች።

እንግዲህ ይህን ስም ስታወጣ ምን አስበህ እንደነበር ለመረዳት ሞከርኩ። ምናልባት አልተወለደችም ብለህ ራስህን አሳምነህ ይሆናል። ምናልባትም ስሙ ብቻ አምሮህ ይሆናል። ሰው ቤት ሲለቅ ያማረውን ዕቃ ይዞ ይወጣል። ግን ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከእርግዝና ክትትል ስንመለስ ከተዘጋው ፋርማሲ ታዛ ሥር ተጠልለን፣ አንተ «ቆይ ያባራ» ስትል እኔ «ካፊያ ነው፤ ማንንም አያበሰብስም» ብዬ እጅህን ጎትቼ ወጣሁ። አሥር እርምጃ ሳንሄድ አባራ። ሆዴን ይዤ «ካፊያ» አልኩ። አንተ የቀጠሮ ካርዴን ተቀብለህ ጀርባው ላይ «ልጃችን ካፊያ» ብለህ ጻፍክ። ከሥሩም «አባት» ብለህ ስምህን ከነፊርማህ አኖርክ። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያገባ ሰው ሁሉን በፊርማ ነው» ብለህ ስቀህ ነበር። አላገባኸኝም እንጂ።

ያ ካርድ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኛ ደንብ አንድ አባት ሁለት ልጆቹን በአንድ ስም ማስመዝገብ አይችልም፤ የመጀመሪያዋ ሞታም ቢሆን። አባት በፊርማው ያመነበት ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ ባዶው ቦታ ይሞላል። ካርዱን ከልጄ ፋይል ጋር ካያያዝኩት የሁለተኛዋ ስም ውድቅ ይሆናል። ምክንያቱም በደብዳቤ ይገለጻል፤ ለአባትም ለእናትም፣ ለየብቻ።

እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ማኅተሜ መስኮቴ ጋ መጣ። ሁሉን አይቷል። «ልጄ፣ ደንቡ ከአንቺ ጋር ነው» አለኝ። «እስከ ምሳ ሰዓት ወስኚ። ከዚያ በኋላ አትማለሁ፣ የታተመ አይነካም።»

«እርስዎ ቢሆኑስ?» አልኩት።

«እኔማ ማተም ነው የማውቀው» አለ።

ካርዱን አወጣሁ። ጠርዙ ተልጧል። የአንተ ጽሕፈት እንደ ድሮው ወደ ቀኝ ይጋደማል። ፋይሉን ከፈትኩ፣ «አባት» የሚለው ቦታ ላይ ጠቋሚውን አቆምኩ። ብልጭ ድርግም ይላል። የስምህን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ።

እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ካፊያ፣ ቀጥሎ አንተ። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የሚከፍት ሁሉ እሷን በጠራ ቁጥር አንተን አስከትሎ ሊጠራ ነው። በኖረችባቸው አራት ቀናት አላየሃት፣ አላቀፍካት፣ አልቀበርካት፤ ስምህ ግን ከስሟ ጋር ተጣብቆ ሊኖር ነው።

ፊደሏን አጠፋኋት። ጭረቷን መለስኩ።

ስለዚህ የሁለተኛዋ ልጅህ ስም ጸድቋል። ምራኝ ነው ብለህ ለራስህ እንዳታወራ። ስላንተ አላሰብኩም። ባለቤትህም ደግ ሴት ትመስላለች፤ እሷንም አስቤ አይደለም። ልጄ ካንተ እንድትርቅ ነው።

ቅጹን ግን አንተ እንዳልከው አልተውኩትም። ለዚህ ሥልጣን አለኝ፤ ምንጩ የታወቀን ስም አስተካክሎ መሙላት የእኔ ሥራ ነው። ትርጉም በሚለው «ቀላል ዝናብ፤ ቶሎ ያባራል» ብዬአለሁ። ምንጭ በሚለው «በዚህ ስም ቀድማ ከተመዘገበች ሕፃን የተወሰደ» ብዬአለሁ። ብዛት በሚለው ኮምፒውተሩ ራሱ «ሁለት» ብሏል። ማኅተሜ ሁለቴ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አተመ።

የምስክር ወረቀቱ ዓርብ ይደርሳል። ባለቤትህ መጥታ ብትወስደው ጀርባውን ታነበዋለች፤ እንደዚያ ያለች ሴት ሳታነብ አትፈርምም። ትጠይቅሃለች። የምትመልስላትን አንተ ታውቃለህ፤ ይህን ደብዳቤ ቤትህ ሳይሆን መሥሪያ ቤትህ የላክሁት ቀድመህ እንድታስብበት ነው። አድራሻውን ከቅጹ ላይ ነው የገለበጥኩት። ደንብ መጣስ ነው። ለማኅተሜ ነገ እነግረዋለሁ።

ለባለቤትህ እኔ አልነግራትም። ሕፃኗ ግን አድጋ፣ ማንበብ ችላ፣ ወረቀቷን ገልብጣ «የመጀመሪያዋ ማን ናት?» ብላ ወደ መስኮቴ ብትመጣ፣ አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ። ካርዱንም አሳያታለሁ። ለእሷ አልዋሽም።

አንተ ግን ቁጥር ይዘህ ወደ መስኮቴ አትምጣ። ሌሎች አምስት መስኮቶች አሉ።

የመጀመሪያዋ ካፊያ እናት
መስኮት ቁጥር ሁለት