ዓባይ በረሃ ላይ የቆመችው ነጥብ

ለወንድሜ ለእንዳላማው፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ቁይ ላይ ከነጉማችን ደህና ነን።

አባዬ አሁንም ከአዲስ ከባድ መኪና አሮጌ አይሱዙ ይሻላል እንዳለ ነው፤ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። "ለሰው ኩባንያ ከመክፈል የራሳችን ይኑረን" ብለህ እቤት የተከልክልን ኮምፒውተር መኪናውን በካርታ ላይ በአረንጓዴ ነጥብ ያሳየናል። ነጥቧ ዓባይ በረሃ ላይ ከቆመች ሰነበተች። እማዬ "እያረፈ ነው" ትላለች። እኔም ጉሙ በመስኮት ሲገባ አፍጥጬ ሳያት የተንቀሳቀሰች ይመስለኛል። መንገደኛ ካሰበበት ሳይደርስ ደጅ አይጠረግምና የባሕር ዛፉ ቅጠል ቁርጭምጭሚታችንን ሸፍኗል።

ኮምፒውተሩን ስትተክል "በፍጹም አይሳሳትም" ብለኸን ነበር። ለእማዬ ደውልና "አንዳንዴ ይሳሳታል" በላት።

ሰላምታዬ ደጃችን ላይ ከተከመረው ቅጠል ይብዛልህ።

እህትህ ዘመናይ